ታማሚው የት አደረ? በዳታ ሶፍትዌር ወባንና ሌሎች የቢምቢ በሽታዎችን ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታና አዲስ ከተማ ውስጥ በጤና ጣቢያና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለሚሠሩ ነው። ለመረጃ ባለሙያው፣ ለቅኝት ባለሙያው፣ ቤት ለቤት ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ኮምፒውተር፣ ጥቂት አንድሮይድ ስልኮችና በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ይበቃሉ።

«አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ምን ወባ አለ?» የሚል አይጠፋም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አካባቢ ጀምራ ወደ ላይ የምትወጣ ናት። የአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ እዚህ ተመርምሮ ወባ የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ይዞት የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ግን በዚህ ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2016 ደግሞ እኛው ጋ ቀብሪደሃር ተገኘች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወባ ሲያሻቅብ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። ድሬዳዋ ከዚያ በፊት በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ሁለቱን የቫይረስ በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው ቢምቢም በቤት ውስጥ የውሃ ዕቃ የምትኖር ናት። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል መርካቶና አውቶብስ ተራ የሚደርሰው ጥቂት አይሆንም።

እንግዲህ መዝገባችን ሁለት ነገር መናገር አለበት። ታማሚው የት የት አደረ? እዚህ ሰፈር ያለው የተጠራቀመ ውሃ ውስጥስ ምን አለ? ሶፍትዌሩ የሚጠቅመው እነዚህን ሁለት መልሶች በየሳምንቱ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥልን ነው። ቀሪው ሁሉ ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያደርግ ተስማሙ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ የተመላላሽ ክፍል ሐኪሙና የመረጃ ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ማን ይጠይቃል? ማን ያስገባል? ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን ማን ያያል? አይቶስ ማንን ይጠራል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው ሶፍትዌሩን አትጫኑ። ማንም የማያየው ዳታ ሠራተኛን ማድከም ነው።

2. ሶፍትዌር ምረጡ፣ አታብዙ

የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ከሆናችሁ ዲኤችአይኤስ 2 እጃችሁ ላይ አለ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያበለጽገው ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር መደበኛ ሪፖርቱን የሚሰበስበው በእሱ ስለሆነ የእናንተም የወባ ቁጥር በዚያው ይሂድ። ጎን ለጎን «የራሳችን ሲስተም» ብሎ ሌላ መክፈት አንድ ቁጥር የነበረውን ሁለት ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ሁሉ የትኛው ትክክል ነው በሚል ክርክር ያልቃል።

ለቤት ለቤት ቅኝቱ ኦዲኬ ወይም ኮቦ ቱልቦክስ ጥሩ ነው። ቅጹን ኤክሴል ላይ በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ትጭኑታላችሁ። ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ይመዘግባል፤ ቢሮ ስትገቡ ይልካል። ለካርታ ኪውጂአይኤስ አለ፤ እሱም በነጻ ነው። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከሌላችሁ በኤክሴል ጀምሩ፤ ነውር የለውም። በደንብ የተያዘ ኤክሴል ማንም ከማይከፍተው ዳሽቦርድ ይሻላል።

3. የታማሚው ቅጽ፦ «ተጉዘሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። አንድ ወጣት ትኩሳት ይዞት አውቶብስ ተራ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ገባ እንበል። አድራሻ ሲባል «አዲስ ከተማ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው እዚያ ነው። «ጉዞ ነበረህ?» ሲባል «አይ፣ የለኝም» ይላል። አሁንም አልዋሸም፤ እሱ የሄደው ለሥራ ነው። ጥያቄውን እንዲህ አድርጉት፦ «ወንድሜ፣ ባለፈው አንድ ወር ከዚህ ውጭ የት የት አድረሃል?» ያኔ ወዲያው ይመልሳል። «መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ነበርኩ። የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ነው።»

ለትልቅ ሰው ደግሞ አጠያየቁ ይለያል። «እማማ፣ ሰሞኑን ልጆችዎ ዘንድ፣ ለቅሶ ወይም ጸበል ሄደው አድረው ነበር?» ሲሏቸው ያስታውሳሉ። ሹፌርና ረዳት ሲመጣ የጅቡቲን መስመር ጠይቁ፤ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ የትኛው ጋ አደረ? በቅጹ ላይ ለዚህ ሦስት ቦታ ተዉ። በእያንዳንዱ የቦታው ስም፣ ወረዳው፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ይያዝ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «አብሮህ የሄደ ሰው አለ?» አንዱ ከታመመ ጓደኞቹም ተነክሰው ይሆናል። ሳይታመሙ መፈለግ ይቻላል።

ለምን አንድ ወር? የፋልሲፓረም ወባ ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ አንዳንዴ ይዘገያል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ሌላ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ወባ ታመህ ታውቃለህ? መቼ? መድኃኒቱን ጨርሰሃል?» የሚለው የግድ ይጠየቅ። ላብራቶሪውም «ፖዘቲቭ» ብቻ ብሎ አይለፍ፤ ፋልሲፓረም፣ ቫይቫክስ ወይም ድብልቅ መሆኑ ይጻፍ። በማይክሮስኮፕ ነው በፈጣን መመርመሪያ የታየው የሚለውም አብሮ ይያዝ።

ከዚያ ምድቡን ሶፍትዌሩ ያውጣው፤ ሰው አይምረጥ። ባለፈው ወር ወባ ባለበት ቦታ ያደረ «ከውጭ የመጣ» ይባላል። ያልተጓዘ ሆኖ ቫይቫክስ የተገኘበትና ከዚህ በፊት የታመመ «ሊያገረሽ የሚችል» ውስጥ ይገባል። ያልተጓዘና ፋልሲፓረም የተገኘበት «ሳይጓዝ የታመመ» ይሆናል። መልሱ ያልተሟላው «ያልተጣራ» ሆኖ ይቆይ፤ እንዲሁ «ከውጭ የመጣ» ብሎ መገመት አይፈቀድ። ያለ ጉዞ የታመመ ሰው ሲገኝ ደም ተሰጥቶት እንደሆነም ይጠየቅ፤ ወባ በደምም ይተላለፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወባ የሌለበትን ትኩሳትም ቁጠሩ። ትኩሳት ያለበት ሰው ወባው ነጻ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ታይፎይድ፣ ታይፈስ» ተብሎ ይሸኛል። ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚያልፉን እዚያ ጋ ነው። ከትኩሳቱ ጋር ከዓይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታት፣ ብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ሽፍታ ካለ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ቅጹ ላይ ይኑር። በአንድ ሳምንት ውስጥ እነዚህ ሳጥኖች መሞላት ከጀመሩ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናሙና እንዲያይላችሁ በክፍለ ከተማችሁ በኩል ጠይቁ። ቢጫ ወባ ደግሞ የራሱ ኮድ ይኑረው፤ በስሙ ምክንያት ወባ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ። እሱ ሲጠረጠር የሳምንቱን ሪፖርት አይጠብቅም፤ በዚያው ቅጽበት ይነገራል።

4. ቀኑ የማን ነው? የእኛ ወይስ የፈረንጅ?

የእኛን አገር ዳታ የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። መዝገቡ ላይ 03/01/2017 ተብሎ ተጽፏል። ነርሷ መስከረም 3 ቀን 2017 ማለቷ ነው። ያ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 ነው። ሶፍትዌሩ ግን ቀኑን እንደ ፈረንጅ ካነበበው ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ይሆናል። ታማሚዋ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሄደች። ገና መድኃኒት ላይ ናት፤ በዚህ ሳምንት ግራፍ ላይ ግን የለችም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኦዲኬ ላይ ለቀን ጥያቄ «አፒራንስ» በሚለው ዓምድ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢትዮፒያን» ብላችሁ ጻፉ። የስልኩ መተግበሪያ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያሳያል፤ ከኋላ ግን በፈረንጅ ያስቀምጠዋል። ዲኤችአይኤስ 2ም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል። ኤክሴል ከሆነ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስቀምጡ፤ ወሩን በስሙ ከዝርዝር ይምረጡት። ጳጉሜን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳትረሱ። ካልኖረች ያ ሳምንት ሙሉ በሙሉ መስከረም 1 ላይ ይከመራል።

በእጅ መቀየርም አያዋጣም። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11። ጳጉሜን 6 ስትሆን ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። የቅኝቱ ሳምንት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው፤ የሳምንቱ ቁጥር የሚቆጠረው በፈረንጅ ዓመት ነው። እሑድ የታመመ ሰው በአንድ ቀን ስህተት የሌላ ሳምንት ይሆናል።

ሰዓትም እንደዚሁ። የትንኝ ወጥመድ ማታ 12 ሰዓት ተሰቅሎ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። በወረቀት ላይ ሁለቱም 12 ነው። ቅጹ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» ብሎ ያስመርጥና ሰዓቱን ቀጥሎ ይጠይቅ። አኖፌለስ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፣ ኤደስ ደግሞ በቀን። ሰዓቱ ከተሳሳተ የትኛዋን እንዳገኛችሁ ለመለየት የሚረዳ አንድ ፍንጭ ጠፋ ማለት ነው።

5. ስምና ቦታ

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ፀሐይና ጸሃይ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ያዙ። አንዱ ታማሚው እንደሚጽፈው ስሙን የሚይዝ፣ ሌላው ለማመሳከሪያ ብቻ። በሁለተኛው ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው የሚቀይር ቀመር አስገቡ። ሃ እና ኃም ወደ ሀ ይግቡ። የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታና የአባት ስም ሲጨመርበት የተደገመውን በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ያው ሰው ከሁለት ወር በኋላ ቫይቫክስ ይዞት ከመጣ ግን አትሰርዙት። ያ አዲስ ክስተት ነው፤ ቁጥሩ ይያያዝ እንጂ አይጥፋ።

የአገር ውስጥ ቦታ ስም በእጅ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ ከዝርዝር ይመረጥ። ከመጨረሻው በኋላ ብቻ ነጻ ቦታ ይኑር፤ የእርሻው ወይም የካምፑ ስም የሚገባው እዚያ ነው።

የአዲስ አበባ አድራሻ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ቤቱን የሚያስረዳው በቤት ቁጥር አይደለም። «ከመድኃኔዓለም ትምህርት ቤት ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ቅያስ» ይላል። ቀበሌው ከተቀየረ ስንት ዘመን ሆነው፤ አሁንም የሚነግራችሁ የድሮ ቀበሌውን ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ተነስቷል፤ ስለዚህ የድሮ የቤተሰብ መዝገብ ይዛችሁ ብትወጡ ቤቱን አታገኙትም። ክፍለ ከተማና ወረዳ ይመረጥ፤ የሰፈር ምልክቱ በነጻ ይጻፍ፤ ስልክ ቁጥር ይያዝ። ቤት ስትሄዱ ደግሞ ጂፒኤስ ውሰዱ። ስልኩ የስህተት መጠኑን ያሳያል፤ ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ደጅ ላይ ጠብቁ። የልደታ ኮንዶሚኒየም ዓይነት ሕንጻ ከሆነ ጂፒኤስ ፎቁን አይነግራችሁም፤ ብሎክና የቤት ቁጥር ጨምሩ።

6. ውሃውን ቁጠሩ

አሁን ወደ ሰፈር እንውጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውሃ ያልያዘ ቤት የለም። ሮቶ፣ በርሜል፣ ጄሪካን፣ ባልዲ፣ የአበባ ሳህን። ከቤት ውጭ ደግሞ የጎሚስታ ጓሮ፣ የተከመረ አሮጌ ጎማ፣ ግንባታ ላይ ለኮንክሪት የተጠራቀመ ውሃ፣ ያልተጠናቀቀ ሕንጻ የሊፍት ጉድጓድ። ክረምት ላይ የሊፍት ጉድጓድ ሞልቶ ወራት ይቆያል። ወደ ግንባታ ቦታ ስትሄዱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ፤ ያለዚያ ጥበቃው አያስገባችሁም፤ ልክም ነው።

ቅጹ ሁለት ደረጃ ይኑረው። የመጀመሪያው ስለ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው በቤቱ ውስጥ ስላለው እያንዳንዱ ዕቃ የሚደጋገም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነቱ፣ ክዳን እንዳለው፣ በግምት ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ቤት ውስጥ ነው ውጭ፣ እጭ አለ ወይስ የለም፣ ፑፓ (ከእጭ ቀጥሎ ያለው ደረጃ) አለ ወይስ የለም። ፑፓ ከታየ ቢምቢዋ በጥቂት ቀን ውስጥ ልትወጣ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ይያዝ። ቤቱ ዝግ ከነበረ «ዝግ» ተብሎ ይመዝገብ። ሰው ያልከፈተላችሁን ቤት «ነጻ» ብሎ መመዝገብ የማይገባ ነገር ነው።

አያያዙን ላሳያችሁ። በርሜሉ ጋ ስትደርሱ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ትንሽ ከታገሣችሁ ተመልሰው ይወጣሉ። ባትሪ አብሩና ተመልከቱ። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ጠፍጠፍ ብሎ የሚንሳፈፈው የአኖፌለስ እጭ ነው። ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ራሱን ወደ ታች የሚያንጠለጥለው የኤደስ ወይም ኩሌክስ የሚባል የሌላ ቢምቢ ዓይነት እጭ ነው። ኩሌክስ ቆሻሻ ውሃም አይጠላም፤ ስለዚህ እጭ ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ። ጠፍጠፍ ያለውን ካያችሁ ግን ናሙና ውሰዱ። አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ አስገቡና ቁጥሩን በእርሳስ በጻፋችሁበት ትንሽ ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ያው ቁጥር በስልኩ ቅጽ ላይ መግባት አለበት። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ላብራቶሪው «ስቴፈንሳይ ናት» ብሎ ቢመልስላችሁ እንኳ ከየትኛው ግቢ እንደመጣች አታውቁም።

ሶፍትዌሩ ከዚህ ሦስት መለኪያ ያወጣላችኋል። እንበል 120 ቤት አይታችሁ በ15ቱ እጭ ተገኘ። የቤት መለኪያው 12.5 በመቶ ነው። በእነዚያ ቤቶች 300 ዕቃ አይታችሁ 24ቱ እጭ ካለባቸው የዕቃ መለኪያው 8 በመቶ ነው። ሦስተኛው ብሬቶ የሚባለው ነው፤ እጭ ያለባቸውን ዕቃዎች ለታዩት ቤቶች አካፍሎ በመቶ ማባዛት። 24 ለ120፣ 20 ይመጣል። እኔ ከሁሉም በፊት የማየው ግን የዕቃውን ዓይነት ነው። ከ24ቱ 17ቱ ክዳን የሌላቸው በርሜሎች ከሆኑ ሥራው ምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ነገራችሁ።

7. ሰኞ ጠዋት ማጽዳት

ያለፈውን ሳምንት ዳታ ዝርዝሩን አውጥታችሁ እዩ። ወደፊት የሆነ ቀን አለ? ከተመረመረው ፖዘቲቩ በልጧል? አንድ ቅኝተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአቅም በላይ ቤት መዝግቧል? ሁሉም ቤቶቹ አንድ ጂፒኤስ ላይ ናቸው? ስታገኙ ሰውየውን ጠይቁት፤ ቢሮ ተቀምጣችሁ በግምት አታርሙ። ያረማችሁትን ምን እንደነበረና ወደ ምን እንደተቀየረ አንድ ዓምድ ላይ ጻፉ።

8. መስመሩ የት ነው?

ለወባ በአገራችን የሚሠራበት አካሄድ አለ። ያለፉትን 5 ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ከትልቁ ቁጥር ቀጥሎ ያለው የማስጠንቀቂያ መስመራችሁ ነው። ለምሳሌ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9 ከሆነ መስመሩ 7 ነው፤ ዘንድሮ 8 ከመጣ አልፏል። የ5 ዓመት መዝገብ ከሌላችሁ የአምናውን ያንኑ ሳምንት እጥፍ አድርጉት።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ብቻውን ያሳስታል። የወባ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ትንሹ ሚያዝያና ግንቦት። በእነዚያ ወራት ከቆላ የሚመለሰው ሰው ስለሚበዛ መስመሩ ይታለፋል፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ግን ምንም አልተፈጠረም። ስለዚህ ሁለት ግራፍ ሥሩ። አንዱ «ከውጭ የመጣ»፣ ሌላው «ሳይጓዝ የታመመ»። በሁለተኛው ላይ መስመር አያስፈልግም። አንድ ሰው እንኳ ከገባ በዚያው ቀን ቤቱ ይኬድ። ከግራፎቹ ጎን የተመረመረው ሰው ብዛትና ከመቶ ስንቱ ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀመጥ። ቁጥሩ የወረደው ወባ ስለቀነሰ ነው ወይስ መመርመሪያው ስላለቀ? ይህ ካልታየ አይታወቅም።

9. ካርታ

ኪውጂአይኤስ ላይ የክፍለ ከተማውን ወሰን ጫኑ። በአንድ ቀለም ሳይጓዙ የታመሙትን፣ በሌላ ቀለም እጭ የተገኘባቸውን ግቢዎች አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ታማሚ ቤት ዙሪያ 200 ሜትር ክብ ሥሩ። ኤደስ ከተፈለፈለችበት ብዙ አትርቅም፤ አኖፌለስ ከዚያ በላይ ልትበር ትችላለች፤ ፍለጋው ግን ከቅርብ ይጀመር። አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮ የከተማ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ስልካችሁ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራል። ሁለቱን ሳታስታርቁ ከደረባችሁ ነጥቦቹ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻሉ፤ የአንዱ ግቢ በርሜል የጎረቤት ቤት ጣሪያ ላይ ታያላችሁ። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል አዲስ አበባ ያለችበት ዞን 37 ሰሜን ነው።

10. ከዳታው ወደ ባልዲው

ሰኞ ያያችሁት ረቡዕ ሳይደርስ ሥራ ይሁን። «በወረዳው ግንዛቤ ይፈጠር» ብሎ አጠቃላይ ነገር መጻፍ ለማንም አይረዳም። «በዚህ ቅያስ 17 ክዳን የሌላቸው በርሜሎች አሉ፤ ባለቤቶቹ እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይድረሳት። ነዋሪው ውሃውን ብቻ ደፍቶ መልሶ ቢሞላ አይበቃም። ኤደስ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል። ውስጡ በብሩሽ ተፈትጎ ይታጠብ፣ በሳምንት አንዴ፤ ከዚያ ይከደን። የማይደፋ ትልቅ ሮቶ ከሆነ ክዳኑና መተንፈሻው በወንፊት ይሸፈን።

እያንዳንዱ እርምጃ በዚያው ቅጽ ላይ ይመዝገብ። መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲታይ እጭ አለ ወይስ የለም? ያው በርሜል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ እጭ ከተገኘበት ባለቤቱ ክዳን መግዛት አቅቶት ይሆናል። ያን ጊዜ ወረዳው ክዳን ይፈልግለት፤ ተጨማሪ ትምህርት ችግሩን አይፈታም።

11. የሰው ምስጢር

የጤና መረጃ ጥንቃቄ የሚሻ የግል መረጃ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህን ይደነግጋል። የታማሚ ስም፣ ስልክና የቤት ነጥብ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ፤ ሥራ ቢያፋጥንም አይላክ። ግሩፑ ላይ ቁጥርና ሰፈር ብቻ ይውጣ። ስም ያለበትን ዝርዝር ማየት የሚችለው ቤቱ የሚሄደው ሰው ብቻ ይሁን። ለስብሰባ ካርታ ስታሳዩ ነጥቡን ትታችሁ ቅያሱን አቅልሙ። ሰው ምስጢሩ እንደተጠበቀለት ካወቀ «የት አደርክ?» ስትሉት እውነቱን ይነግራችኋል።

ስልኮቹ ሁሉ የይለፍ ቃል ይኑራቸው። አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ የቅጹ የኤክሴል ፋይል፣ የኮዶቹ ዝርዝርና የዋናው አካውንት ይለፍ ቃል ለተተኪው በፊርማ ይተላለፍ። በየሳምንቱ ዓርብ ዳታው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ክፍል አይደር።